አለም ገና ላሉት የብየዳ ባለሙያና ለረዳታቸው ምስጋና፦ የሃርድቶፔን የጋቢና ወንበሮች ላዞሩልኝ

ፎር ዊል መኪናችሁን ወደ ካምፐር (ውስጡ የሚታደርበት መኪና) ለመቀየር የምታስቡ፣ በተለይ የጋቢናው ወንበር ወደ ኋላ እንዲዞርላችሁ የምትፈልጉ ካላችሁ ይሄ ለእናንተ ነው። አለም ገና፣ ከቡታጅራ መንገድ ገባ ብሎ፣ የብየዳና የቦዲ ሥራ የሚሠሩ አንድ አባት አሉ። የመኪናዬን ሁለቱንም የጋቢና ወንበሮች አዞሩልኝ። ተቀምጬበታለሁ፣ ነድቼዋለሁ፣ ኮሮኮንችም አሳይቼዋለሁ። አሁን በአደባባይ ላመሰግናቸው ነው። "ስሜን እንዳታወጣ" ስላሉኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ሰፈሩም የሚጠራቸው እንዲሁ ነው። የከፈልኩት ሙሉ ዋጋ ነው፤ ለዚህ ጽሑፍ ተብሎ የተቀነሰልኝ ሳንቲም የለም።

መኪናው ላንድክሩዘር 78 ነው፤ ሁላችንም ሃርድቶፕ የምንለው። ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር። ገጠር ጤና ጣቢያ ደርሶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ አምቡላንሱ እሱ ነው። የእኔም ነጭ ስለሆነ መንገድ ላይ "በሽተኛ ይዛችኋል?" የሚለኝ አይጠፋም። በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የአሮጌ መኪና ዋጋ የት እንደወጣ ታውቃላችሁ። ያለውን ይዞ ማሳመር ነው የሚያዋጣው።

ሃርድቶፕ ከውጭ ሲታይ ትልቅ ነው። ርዝመቱ 5 ሜትር ከ22 ሳንቲ ነው። ግን ከዚያ ላይ የሞተሩን ቦታ ቀንሱ፣ ጋቢናውን ቀንሱ። ከኋላ አልጋ፣ ትንሽ ፍሪጅ፣ ምድጃና የውሃ ጀሪካን ካስገባችሁ በኋላ እግር መዘርጊያ የለም። መኪናው በቆመ ሰዓት ሁለቱ ምርጥ ወንበሮች ጀርባቸውን ሰጥተው መስታወት ያያሉ፤ ሰው አልጋ ጠርዝ ላይ ተኮራምቶ ይበላል። ክረምት ላይ ወንጪ ወርዳችሁ የምታውቁ ትረዱኛላችሁ። ዝናቡና ብርዱ ከመኪና አያስወርድም።

እኔን ይበልጥ የገፋፋኝ ግን የእናቴ ነገር ነው። እናቴ የቁልቢ ገብርኤል ስለት አለባት። ታኅሣሥ 19 ሲደርስ ቤት አትውልም። ቁልቢ ደግሞ ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ሕዝቡም ሜዳ ላይ ድንኳን ጥሎ ነው የሚያድረው። እሷን ድንኳን ውስጥ ማሳደር ካቆምን ቆይተናል፤ መኪናው ውስጥ ነው የምታድረው። ጉልበቷን ስለሚያማት አልጋ ጠርዝ ላይ ከተቀመጠች መነሳት ያቅታታል። መደገፊያ ያለው፣ እጅ የሚያሳርፍ፣ ከፍ ያለ ወንበር ያስፈልጋታል። እንዲህ ያለው ወንበር ደግሞ ጋቢና ውስጥ ነው ያለው። መዞር ብቻ ነው የጎደለው።

መዞሪያው ሲያዩት ቀላል ነው። ሁለት ወፍራም ብረቶች አንዱ በአንዱ ላይ ይደረባሉ። የታችኛው ከመኪናው ይታሰራል፣ የላይኛው ወንበሩን ይሸከማል። መቆለፊያ አለው፤ ምላሱን ስትስቡ ይለቃል፣ ወንበሩ ቦታው ሲመለስ ቋ ብሎ ይይዛል። መዞሪያው ግን ትክክል መሃል ላይ አይደለም፤ ሆን ተብሎ ወደ ጎን ገፋ ተደርጓል። መሃል ላይ ቢሆን ኖሮ ወንበሩ ሲዞር ትከሻው ከበሩ ምሰሶ ጋር ይላተም ነበር። ወደ ጎን ሲገፋ ግን ወንበሩ እየዞረ ወደ መኪናው መሃል ይሸሻል። ለዚህ ነው የቀኙ ለግራው የማይሆነው። ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ ይሄን ሳታጣሩ ብር እንዳትልኩ።

መጀመሪያ የጠየቅኩት ሌላ ጋራዥ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። "ከሱማሌ ተራ ትልቅ ኩሽኔታ እናመጣለን፣ ላሜራ ላይ እንበይደዋለን፣ ማታ ወንበርህ ሲዞር ታድራለህ" አሉኝ። መቆለፊያውስ ስል "በቡሎን እንወጥረዋለን" አሉ። ዋጋው ጥሩ ነበር። እኔን ግን አልጣመኝም። አንድ ወዳጄ "እስቲ አለም ገና ያሉትን ሽማግሌ አናግራቸው" ብሎ መራኝ።

ጋሼ ጋ ስደርስ አንድ አሮጌ አይሱዙ ሥር ተኝተው ነበር። ወጥተው፣ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው፣ የምፈልገውን ሰሙኝ። ከዚያ "አልሠራውም" አሉ። በቃ። ደነገጥኩ።

"ያቅትዎት ነው ጋሼ?" አልኳቸው። ትንሽ ደፈር ብያለሁ መሰለኝ፤ ሳቁ።

"መሥራቱስ አያቅተኝም። አሁን ብትለኝ እስከ ማታ አዞርልሃለሁ። ማዞር ሥራ አይደለም ልጄ። አልዞርም እንዲል ማድረግ ነው ሥራው።"

ከዚያ ከበር አጠገብ ከወደቀ ቁርጥራጭ መሃል አንድ የተፈታ የመኪና ወንበር አሳዩኝና "አንሳው" አሉኝ። አነሳሁት። ይከብዳል። "ሃያ አምስት ኪሎ በለው። በ20 አባዛው።" 500 ወጣ። "መኪናው ሲጋጭ ይሄ ወንበር 500 ኪሎ ሆኖ ወደ ፊት ይጎትታል። ሰው ሳይቀመጥበት ማለቴ ነው። እኔ የምሠራው ብረት ይሄን መቻል አለመቻሉን የት ወስጄ ልፈትነው? አንተና እናትህ ላይ?"

ቤት ገብቼ አጣራሁ። እውነታቸውን ነው። የወንበርን ጥንካሬ የሚመለከተው የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 17 የወንበር ማሰሪያ የስበትን ኃይል 20 እጥፍ እንዲችል ይጠይቃል። የቀበቶው ማሰሪያ ደግሞ ለብቻው በደንብ ቁጥር 14 ይፈተናል። የቀበቶው መያዣ ወንበሩ ላይ የታሰረ እንደሆነ፣ እንደ እኔ መኪና ማለት ነው፣ የሰውየውም ሸክም እዚያው መዞሪያው ላይ ያርፋል። ጋሼ ይሄን ያወቁት በወጣትነታቸው የአውቶቡስ ቦዲ ሲሠሩ ነው አሉኝ። እኛ አገር ማንኛውንም ብረት አስመስሎ መሥራት እንደ ሙያ ይቆጠራል። ሙያውም አለ፤ ምናለሽ ተራ ገብቶ የወጣ ሰው አይክደውም። ግን መሥራት እየቻለ "ይሄን እኔ መሥራት የለብኝም" የሚል ባለሙያ ብዙ አላጋጠመኝም።

ስለዚህ ተስማማን። ተፈትኖ የተመሰከረለትን መዞሪያ እኔ ላስመጣ፣ እሳቸው ደግሞ ከመኪናው ጋር ያገናኙት። የአክስቴ ልጅ ከአውስትራሊያ በሻንጣ ይዞልኝ መጣ። እዚያ ሃርድቶፕን ካምፐር ማድረግ የተለመደ ነው። በነገራችን ላይ ብረቱ ከባድ ስለሆነ ሌላ ልብስ መያዝ እንዳልቻለ እስካሁን ያነሳብኛል።

ችግሩ እነሱ የሚነዱት በቀኝ በኩል ተቀምጠው ነው። ዕቃው የቀኝና የግራ ተብሎ ስለሚለይ ቦታው አልተምታታብንም። ግን የሾፌሩ ተብሎ የተሠራው እኛ ጋ የተሳፋሪ ሆነ፤ የእጅ ፍሬኑን እንዳይነካ የተቆረጠው ጎንም በተቃራኒው ወጣ። በዚያ ላይ መዞሪያው ብቻውን ወንበሩን ከፍ ያደርገዋል። አራት አምስት ሳንቲ ከፍ ሲል ምንም አይመስልም፤ ግን ጉልበት መሪ ይነካል፣ ዓይን ከመስታወቱ በላይኛው ጠርዝ ይገጥማል፣ አጭር ሰው ደግሞ እግሩ አየር ላይ ይንጠለጠላል። እናቴ አጭር ናት።

የጋሼ እጅ የታየው እዚህ ላይ ነው። መዞሪያውን አልነኩትም። አልቆረጡትም፣ አልበየዱበትም። "በእሳት ከነካሁት የተፈተነው ብረት መሆኑ ይቀራል" አሉ። የብየዳ ባለሙያ "እዚህ ላይ አይበየድም" ሲል ደስ ይላል። ከዚያ ይልቅ ከሥሩ ያለውን፣ ወንበሩ የሚያርፍበትን የብረት መቆሚያ አውጥተው አዲስ ዝቅ ያለ ፍሬም ሠሩ። ቁመቱን ደጋግመው ለኩ። መጀመሪያ በካርቶን፣ ቀጥሎ በቀጭን ላሜራ ሞዴል አወጡለት፤ ከዚያ በኋላ ነው ወፍራሙን ብረት የቆረጡት። አሁን ወንበሩ ከድሮው ከፍ ያለው በአንድ ጣት ውፍረት ያህል ነው።

የመኪናው ወለል ደግሞ ስስ ላሜራ ነው። ቡሎኑ ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ላሜራው ተቀዶ ይወጣል። ስለዚህ ከወለሉ ሥር፣ ከውጭ በኩል፣ በየቀዳዳው ላይ ሰፋ ያለ ደጋፊ ብረት አደረጉ፤ ጫፉን እንዳይቆርጥ አሞለሞሉት፣ ዝገት እንዳይበላው ቀቡት። ቡሎኖቹ ራሳቸው ላይ 10.9 የሚል አላቸው። እኔ ቁጥሩ የመጠን መስሎኝ ነበር፤ የጥንካሬ ደረጃ ነው። ተራው 8.8 ነው፣ ከዚያም በታች አለ። ዳዶዎቹ ውስጣቸው ናይለን ያለባቸው ናቸው፤ በንዝረት አይፈቱም። ሁሉንም በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው) ካጠበቁ በኋላ በእያንዳንዱ ቡሎንና ዳዶ ላይ ከብረቱ ጋር የሚያያዝ የቢጫ ቀለም መስመር አሰመሩ። ቡሎኑ ትንሽ እንኳ ቢዞር መስመሩ ይሰበራል። ጎንበስ ብላችሁ በስልክ መብራት አይታችሁ ታውቃላችሁ፤ ቁልፍ አያስፈልግም። ይሄንን ዘዴ ለጎማ ቡሎንም መጠቀም ጀምሬያለሁ።

የኤሌክትሪኩን ሥራ የሠራችው ረዳታቸው ናት። ከቴክኒክና ሙያ የወጣች ልጅ ናት፤ ንግግሯ ቁጥብ ነው። ገና ብየዳ ሳይነካ ባትሪውን ፈትታ አወጣች፤ ብየዳው ዲናሞውን እንዳያቃጥል ነው አለች። ከወንበሩ ሥር የሚያልፈውን የቀበቶ ማስጠንቀቂያ ገመድ ረዘም አድርጋ፣ በሚተጣጠፍ ሽፋን አልብሳ፣ ወንበሩ ሲዞር እንዳይጠመዘዝ አድርጋ አሰረችው። ወንበሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲዞር ማቆሚያ እንዲደረግለት ሐሳቡን ያመጣችውም እሷ ናት። ያለበለዚያ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ እያዞረ ገመዱን ይበጥሰዋል። ጋሼ ሰሟት፣ አሰቡ፣ "ልክ ነሽ" ብለው ሠሩት። የእኔ መኪና ወንበር ላይ ኤርባግ የለውም። የእናንተ ካለው ግን ከወንበሩ ሥር ቢጫ ሶኬት ታያላችሁ። እሱን ዝም ብሎ የሚነቅል ሰው እጅ ላይ መኪናችሁን አትጣሉ። መጀመሪያ ባትሪ ይፈታል፣ ይጠበቃል፣ ከዚያ ነው የሚነካው።

የሾፌሩን ወንበር ጋሼ ሊሠሩልኝ አልፈለጉም ነበር። ምክንያቱ የእጅ ፍሬኑ ነው። ፍሬኑ ተስቦ ከቆመ ወንበሩ ሲዞር ይመታዋል። ፍሬኑ ከወረደ ደግሞ መኪናው ይንሸራተታል። ብዙ ሰው "ማርሽ አስገብቼ አዞረዋለሁ" ይላል፤ ጋሼ በማርሽ ብቻ አያምኑም። በመጨረሻ ከትርፍ ብረት ጎማ ሥር የሚገባ ሁለት ታኮ ሠሩልኝ፤ ጥርስ ያለው፣ መሬት የሚይዝ። "መጀመሪያ ታኮ፣ ከዚያ ማርሽ፣ ከዚያ ፍሬኑን አውርድ፣ ወንበሩን አዙር፣ ፍሬኑን መልሰህ ሳብ። ድንጋይ ፈልጌ አደርጋለሁ እንዳትለኝ" አሉ። ታኮዎቹን የሚይዝ ማንጠልጠያ በኋላው በር ላይ በየዱልኝ። ለዚህ አላስከፈሉኝም።

አሁን እንዲህ ነው የሚሠራው። በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ትከፍታላችሁ። ወንበሩን ወደ መሃል ትገፋላችሁ፣ መደገፊያውን ቀና ታደርጋላችሁ። ምላሱን ስባችሁ ማዞር ነው። የተሳፋሪው በአንድ እጅ ይዞራል። የሾፌሩ መሪው ስላለ ትንሽ ይጨቃጨቃል፤ መደገፊያውን ወደ ፊት ካላጠፋችሁት አያልፍም። ሁለቱም ሲዞሩ መሃል ላይ ተጣጣፊ ጠረጴዛ ይገባል። ሦስት ሰው ቁጭ ብሎ ምሳ ይበላል፤ ቡናም ይፈላል። እናቴ መጀመሪያ የተቀመጠች ዕለት ወንበሩን ሳይሆን ሰውየውን ነው ያመሰገነችው፤ "እጃቸውን ይባርከው" ብላ ድፎ ዳቦ ጋግራ ላከችላቸው።

ፍተሻውን ያደረግኩት ቡታጅራ መንገድ ላይ ነው፤ እስከ ጢያ ትክል ድንጋይ ድረስ፣ ከዚያ ሆን ብዬ ከአስፋልት ወጥቼ። ኮሮኮንቹ ላይ ወንበሩ መንጫጫት ጀመረ። ተመልሼ ስነግራቸው አልተከራከሩኝም። ሁለቱ ብረቶች በሚነካኩበት ቦታ ላይ ስስ የናይለን ቁራጭ አስገቡ፣ ግራሶውን ቀየሩ፣ ድምፁ ጠፋ። ቢጫ መስመሮቹን አንድ በአንድ አዩ፤ አንዱም አልተሰበረም። ይሄንንም አላስከፈሉኝም።

እንግዲህ ምስጋና ነው ብዬ ጉድለቱን አልደብቅም። ጋሼ ፈጣን አይደሉም። "ሰኞ ና" ካሉ ሐሙስ እንደሆነ ያዙት። መብራት ከጠፋ ሥራ ይቆማል፤ ጄኔሬተር የላቸውም። በ12 እና በ21 አይሠሩም፤ የሚካኤልና የማርያም ነው። ክረምት ከሆነ ወደ ግቢያቸው የሚያስገባው መንገድ ጭቃ ነው፤ ፎር ዊል ያለው ሰው ይሄን እንደ ችግር አያነሳም ብዬ ነው። ዋጋቸው ከዚያኛው ጋራዥ ይበልጣል። የሠሩትን ግን ዘርዝረው በደረሰኝ ጻፉልኝ፤ የቡሎኑን ደረጃ ሳይቀር። ከመገጠሙ በፊት የነበረውንና በኋላ ያለውን ልጅቷ በስልኳ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ለቦሎ ምርመራ ስሄድ አንድ ላይ ይዤው ነው የምቀርበው።

ልትሄዱ ከሆነ መዞሪያውን ራሳችሁ አምጡ፤ እሳቸው ሠርተው አይሰጡም፣ አትለምኗቸው። ከመግዛታችሁ በፊት ብረቱ ላይ የደንብ ቁጥር 17 ምስክርነት መኖሩን ሻጩን ጠይቁት፤ ካልመለሰ ሌላ ሻጭ ፈልጉ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ማንም ሰው ወደ ኋላ ዞሮ አይቀመጥም፤ ይሄን ጋሼ በቃል ያስምሏችኋል፣ እኔንም አስምለውኛል። የቤተሰብ አጭሩንና ረጅሙን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ቁመቱን የሚለኩት ሰው አስቀምጠው ነው።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ለረዳትዎም እንዲሁ፤ ነገ የራሷን ጋራዥ ስትከፍት የመጀመሪያ ደንበኛ እኔ ነኝ።

ስልካቸውን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣለሁ። ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ደውሉ። ከዚያ በኋላ ግራይንደሩ ስለሚጮህ አይሰሙም፤ ቢያነሱም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አውሩ።